ዝም ያለ ተስማምቷል

ይድረስ ለእናቴ ወንድም፤

እንደምን ሰነበትክ አጎቴ? ወገብህስ እንዴት ነው? ከስፌት መኪናህ ላይ ስትነሳ ጠረጴዛውን ደገፍ ብለህ ነው አሉ የምትቆመው። ዓይንህም መርፌ ላይ ክር ማስገባት እያስቸገረው መሆኑን ሰምቻለሁ። ሚስትህ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? የሚስትህ እህትስ እንዴት ናት፣ መስኮቱ ሥር ያለው ብርሃን ተስማማት? ደብዳቤ ሲጻፍ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ይባላል። እኔን ናፍቆቱም አልያዘኝም፤ ስለዚህ ምንም ሳይቀር ደህና ነኝ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው።

አንተ እያልኩ መጻፌን ሚስትህ ካየች ትንጨረጨራለች። የልብስ ሰፊዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር የሆንክ ሰሞን «ከእንግዲህ አንቱ በይው» ብላኝ፣ እማዬ ስቃ «ተያት፣ አፏ የለመደውን» አለቻት። እማዬ ያኔ ትስቅ ነበር። እኔም እስከ ዛሬ አንተ እንዳልኩህ አለሁ፤ ቂምም ከአንቱ ጋር አይመቸኝም።

ዋናውን ወሬ ልንገርህ። የምማረውን መርጫለሁ። አካውንቲንግ አይደለም፣ የፖለቲካ ሳይንስ ነው። ወገብህን ያዝ እንግዲህ።

የፈተና ውጤቴ የመጣ ሰሞን ሳሎንህ ውስጥ የሰበሰብከን ትዝ ይልሃል? ሚስትህ ሻይ ትቀዳለች፣ እማዬ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን እንደታቀፈች ተቀምጣለች፣ እኔ መሃል ላይ እንደ ተከሳሽ ቆሜያለሁ። አንተ ጉሮሮህን ጠራርገህ «ልጅቷ ቁጥር አያቅታትም፣ አካውንቲንግ ትግባ። የሚቃወም አለ?» አልክ። በገዛ ቤትህ፣ በገዛ ሶፋህ ላይ ሆነህ! ልማድ ክፉ ነገር ነው። እኔ «አለ፤ እኔ እቃወማለሁ» ስል ሚስትህ ሻዩን ከስኒው ውጭ ቀዳችው። አንተ ደግሞ፣ ወይ ጉድ፣ «አንቺን አይደለም የጠየቅኩት» አልከኝ። ምን መማር እንደምፈልግ ስነግርህ እጅህን አወዛውዘህ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው» አልክ። ማን ነው የሚናገረው ብዬ ነበር በሆዴ። አንተ እኮ ኮረንቲውን በባዶ እጅህ ጨብጠህ የኖርክ ሰው ነህ፤ የነዘረው ሌላ ሰው ስለሆነ ነው የማታውቀው።

እዚህ ዩኒቨርሲቲ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አማካሪ መምህር ይመደብለታል። የአራት ዓመቱን ትምህርት ከእሱ ጋር ቁጭ ብለን እናቅዳለን። የትኛው ኮርስ ግዴታ ነው፣ የትኛው በምርጫ ነው፣ የትኛው ከየትኛው ይቀድማል፣ መጨረሻ ላይስ የመመረቂያ ጽሑፉ በምን ላይ ይሆናል፣ ይህ ሁሉ ከወዲሁ ይታሰብበታል። የእኔ አማካሪ አጭር መላጣ ሰውዬ ነው፤ ሹራቡ ክርኑ ላይ ተቀዷል። ቀዳዳውን ሳይ እጄን በላኝ፤ እማዬ ብትሆን ሳታስወልቀው አትወጣም ነበር። ክፍሉ ከመጥበቡ የተነሣ መጽሐፎቹን ከወንበር ላይ አንስቶ ለእኔ ቦታ ሲለቅ እሱ የሚቆምበት አጣ።

«ለምንድን ነው ፖለቲካ ሳይንስ የመረጥሽው?» አለኝ። ሌሎቹ ምን እንደሚመልሱ ሰልፍ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ አንዱ ዲፕሎማት ልሆን ይላል፣ አንዷ ሕዝብ ላገለግል ትላለች። እኔ «አጎቴን ለመበቀል» አልኩት። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀም፣ መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጫፍ እየወለወለ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለ። እኔም ነገርኩት አጎቴ፣ አንድም ሳላስቀር።

ከገበያው በላይ፣ ፎቅ ላይ፣ አንድ ረጅም ክፍል አለ አልኩት። የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ነው። መኪኖቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፣ ጥግ ላይ ካውያ የምንለው ልብስ ተኳሽ እንፋሎቱ ውስጥ ቆሟል፣ ክፍሉ ያለው አንድ ትልቅ መስኮት ብቻ ነው። እናቴ መስኮቱ ሥር ነበረች። የሙሽራ ቀሚስ የምትሰፋ እሷ ብቻ ስለነበረች ብርሃኑ ለእሷ ይገባል ብሎ ማኅበሩ ራሱ ነው የሰጣት። ነጭ በነጭ ላይ የሚሰፋ ሰው ብርሃን ካጣ ዓይኑን ያጣል።

ስብሰባ ሥራ አያስፈታም ነበር። ሊቀመንበሩ መሃል ላይ ቆሞ ይናገራል፣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሰፋል። ውሳኔ ላይ ሲደርስ «የሚቃወም አለ?» ይላል፤ መኪኖቹ ለአፍታ ይቆማሉ፤ ድምፅ ካልተሰማ በመቀሱ እጀታ ጠረጴዛውን ይመታና «ዝም ያለ ተስማምቷል፤ በሙሉ ድምፅ አልፏል» ይላል። መኪኖቹ እንደገና ይነሳሉ። አማካሪዬ እዚህ ላይ መነጽሩን መልሶ አደረገ። የበሩን ነገር ደግሞ ነገርኩት። ታስታውሳለህ አይደል፣ መኪኖቹ ሳይቆሙ የጠየቅክ ዕለት ማንም ሳይሰማ በሩ አረንጓዴ ይቀባ ተብሎ አለፈ። በነጋታው ሁሉም መጥቶ «ይኼን አስቀያሚ ቀለም ማነው የመረጠው?» ሲል ለካ መራጮቹ ራሳቸው ናቸው። ሳቀ አማካሪዬ። በሩን እስከ ዛሬ ሳየው እኔም ያስቀኛል።

ከዚያ የስፒሉን ነገር ነገርኩት። ሙሽራዋ ቀሚሱን ለብሳ ስትቆም ልኩን የምታስተካክለው ሰፊ ሁለት እጆቿ ጨርቁ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳ ትይዛለች፣ አንድ በአንድ እየመዘዘች ትሰካለች። ያኔ አታወራም፣ አትስቅም፣ ብትጠራም አትመልስም። ማኅበሩ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። አንተማ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ፤ እናታችሁ ስትሞት አንስታ ያሳደገችህ እሷ፣ ስፒል በከንፈር መያዝ ያስተማረችህ እሷ፣ ማኅበሩ ውስጥ ያስገባችህም እሷ ናት። «ልጁ መናገር ይችላል፣ እሱ ይምራን» ብላ ለወንበሩ ያቀረበችህም ሌላ ሰው አይደለም።

እና አንድ ቀን፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ መሃል ላይ ቆመህ ማኅበሩ ከእንግዲህ የደንብ ልብስ ብቻ ይሰፋል፣ የሙሽራ ቀሚስ የሚሰፋ ቦታውን ይልቀቅ አልክ። የሚቃወም አለ ብለህ ጠየቅክ። መኪኖቹ ቆሙ። ማኅበሩ ውስጥ የልብስ ቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራው ሴትዮ እያለቀሰች እንደነገረችኝ ሰው ሁሉ ወደ እናቴ ዞረ፤ የእናቴ አፍ ስፒል ሞልቶ ነበር። በመቀሱ ጠረጴዛውን መታህ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። ሳምንቱ ሳይሞላ የሚስትህ እህት መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፤ የምትሰፋውም የሙሽራ ቀሚስ ይቅርና የደንብ ልብስም አይደለም፣ የቦርሳ ማንገቻ ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ካውያ ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ የእማዬን መኪና በቤታችን ጠባብ ደረጃ ተሸክሞ ሲያወጣ አገኘሁት። እሷ ከኋላቸው ክሮቿን በካርቶን ይዛ ትወጣ ነበር። መኪናው የምንተኛበት ክፍል ውስጥ አልጋው ግርጌ ገባ። ከዚያ ወዲህ መሳቢያውን ለመክፈት መጀመሪያ አልጋው ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ሙሽሮች ደግሞ እንዲያ ያለ ደረጃ አይወጡም፤ እናቶቻቸው «እዚህ ነው እንዴ?» ብለው ከታች ይመለሳሉ። አሁን የምትሠራው ሱሪ ማሳጠር ነው፣ ዚፕ መቀየር ነው፣ ያውም በአምፖል። ነጭ ክር ከነጭ ጨርቅ መለየት እያቃታት ነው አጎቴ። አንጀቴ አርሮ ነው የምጽፍልህ።

አማካሪዬ ይህ የእናንተ ሕግ የገበያ ፈጠራ እንዳይመስልሽ አለኝ። ትልልቅ የዓለም መንግሥታት ማኅበሮችም ይጠቀሙበታል፤ ሐሳብ ይቀርባል፣ ቀን ይቆረጣል፣ እስከዚያ ያልተቃወመ እንደተስማማ ይቆጠራል። ልዩነቱ እዚያ ለመቃወም ጊዜ ይሰጣል አለ። እሰይ! ለካ እናንተ ፎቅ ላይ ሆናችሁ መንግሥት ኖራችኋል! ከዚያ ራሱን እየነቀነቀ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ቂም ይዞ ዲግሪስ ይሆን ይሆን?» አለ። እኔም ለመጸለይ አልመጣሁም አልኩት።

እና አቀድን። ልዘርዝርልህ፣ የሚመለከተው አንተን ስለሆነ።

መጀመሪያ ዓመት ላይ መግቢያው አለ። ሥልጣን ምንድን ነው፣ ከየት ይመጣል፣ ማን ለማን ይሰጠዋል የሚል ነው። መልሱን ይዤ ነው የምገባው፤ ለአንተ የሰጠችህ እናቴ ናት። ቀጥሎ የፖለቲካ ፍልስፍና፣ ከዚያ ንጽጽራዊ ፖለቲካ ይመጣል። ይህኛው አንዱን ገዥ ከሌላው ጋር እያስተያዩ መማር ነው፤ አንተን ከእነማን ጋር እንደማስተያይህ አስቤ ጨርሻለሁ፣ ግን አልነግርህም፣ ትኮራለህ። ዓለም አቀፍ ግንኙነት የሚባልም አለ። ከሚስትህ ቤተሰብ ጋር ያለህን ነገር ለመረዳት ይጠቅመኛል ብዬ ያዝኩት። በምርጫ ከሚወሰዱት ውስጥ ደግሞ፣ ጉድ በል፣ ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ የሚያስተምር ኮርስ አገኘሁ! አንድ ሴሚስተር ሙሉ! ሰው ሳይሰማ ጥያቄ አይቀርብም፣ ጉዳዩ የሚነካው ሰው ቅድሚያ ይናገራል፣ ሊቀመንበሩ ዘመዱን በሚመለከት ነገር ወንበሩን ይለቃል፣ ሁሉም ተጽፎ ተቀምጧል። አማካሪዬ ይህ ቀላል ኮርስ ነው፣ ጎበዝ ተማሪ አይወስደውም አለኝ። እኔ መጀመሪያ የያዝኩት እሱን ነው።

ስታቲስቲክስ ግን ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሯል። አንተ «ቁጥር አያቅታትም» ያልከው ሐሰት ነው፣ ሁሌም እያቃተኝ ነው ያለፍኩት። አማካሪዬም ውጤቴን አይቶ «ይቅርብሽ፣ በሌላ ይተካልሻል» አለኝ። አይቀርም አልኩት። ዝም ካለ ሰው ውስጥ ስንቱ ፈርቶ፣ ስንቱ ሳይሰማ፣ ስንቱ ነገ ሥራ እንዳያጣ ብሎ ዝም እንዳለ የሚለይበት ዘዴ ካለ ጥርሴን ነክሼ እማረዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ትል የለ? አሁን ሞኟ ወረቀቱን ይዛለች።

የመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። ርእሱን ሳልገባ ነው የመረጥኩት፤ ዝምታ እንደ ድምፅ የተቆጠረበት የአንድ ልብስ ሰፊዎች ማኅበር ጉዳይ። ስምህ አይጠቀስም፣ ደንቡ አይፈቅድም፤ «ሊቀመንበሩ» ትባላለህ። ነገር ግን ያን ገበያ የረገጠ ሰው ሁሉ ያውቅሃል። ጠንካራ ሽፋን ለብሰህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትቀመጣለህ፤ ከኋላዬ የሚመጡ ልጆች እያወጡ ያነቡሃል፣ ከሥርህ ያሰምራሉ፣ ፈተና ላይ ትመጣለህ። ይህን ሳስብ እንቅልፌ ጣፋጭ ነው።

ለዚህ ግን የማኅበሩ ፈቃድ ያስፈልጋል አለኝ አማካሪዬ። የሚጠኑት ሰዎች በግልጽ እሺ ማለት አለባቸው። «ዝም ቢሉስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ዝምታ እዚህ እምቢታ ነው» አለ። ብታየኝ ኖሮ! መላጣውን ልስመው ምንም አልቀረኝ። ልክ ቦታ መምጣቴን ያን ጊዜ አወቅኩ።

ልወጣ ስል በሩ ላይ አስቆመኝ። አጎትሽ የሠራውን ነግረሽኛል፣ የቁልፍ ቀዳዳ ሠሪዋ ያየችውን ነግረሽኛል አለ፤ «እናትሽ ምን አለች?» አለኝ። እናቴ ስለዚያ ቀን ምንም ብላኝ አታውቅም። ስጠይቃት ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነው፤ «ተይ ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም»። «እንግዲያው የአራት ዓመት ዕቅድሽ ያልተጠየቀ ሰው ላይ ነው የቆመው» አለና በሩን ዘጋው። ተናደድኩበት። ተናድጄም ለዕረፍት ስመጣ ጥያቄዬን ይዤ መጣሁ። አንተን ሰላም ሳልልህ የተመለስኩት በዚህ ምክንያት ነው፣ ቅር እንዳይልህ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ካውያን ነው፣ ከማኅበሩ በታች ያለው ሻይ ቤት ውስጥ። አርጅቷል። እጁ ላይ የድሮ ቃጠሎው ሁሉ ነጭ ሆኗል። ሻይ ጋበዝኩትና ያን ቀን እናቴ የማንን ቀሚስ ታስተካክል ነበር አልኩት፣ ሙሽራዋን አግኝቼ ምስክር ላደርጋት አስቤ። ካውያ ስኳሩን እያማሰለ፣ ሙሽራ አልነበረችም አለኝ። ቀሚሱ ጠዋት ተወስዷል፣ ራሱ ተኩሶ ራሱ ነው ለሙሽራዋ እህት ያሸከማት። «እናትሽ ባዶ እጇን ነበረች፣ ክር ነበር የምትጠቀልለው» አለ። ስፒሉስ አልኩት። «ስፒልማ ነበረ» አለና ብርጭቆው ውስጥ አየ።

ነገሩን ሊቀይር ሲል ያዝኩት። እሷ አንዲት ቃል ትንፍሽ ብትል ኖሮ ካውያዬን አስቀምጬ እነሳ ነበር አለኝ፤ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ያ ሁሉ ሰው እሷን ነበር የሚያየው፤ አጎትሽ ያን ዕለት ከወንበሩ ይወርድ ነበር፣ ማኅበሩም ለሁለት ይከፈል ነበር። «እሱም ያውቃል። ሲጠይቅ እሷን አላያትም፣ አንገቱ ላይ ያለውን ሜትር ነበር የሚያየው» አለ። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

እሑድ ከሰዓት ነበር ቤት የገባሁት። እማዬ መኪናውን ሸፍናዋለች፣ ጨርቆቿን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከታለች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታሻለች። ስለ ትምህርቴ ጠየቀችኝ፣ ምግብ ይበቃሻል ወይ አለችኝ፣ ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ስለ አንተ ጠየቀች። «ያ ልጅ ወገቡን ታመመ ይላሉ፣ አላየሽውም?» አለች። ያ ልጅ! ፀጉርህ ገብስማ ሆኖ አንተን ያ ልጅ የምትል ሴት ናት።

አጠገቧ ተቀምጬ፣ እማዬ፣ ያን ቀን ምን ታስተካክዪ ነበር አልኳት። የቱን ቀን አለች። የምታውቂውን ቀን አልኩ። ዝም አይነቅዝም ብትለኝ ኖሮ ይነቅዛል እንጂ ብዬ ልጮህባት ተዘጋጅቼ ነበር። አላለችም። ፊቴን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ከመኪናው ጎን ያለውን ቆርቆሮ አነሳች፣ ከፈተች፣ ስፒሎቹን አንድ በአንድ እያወጣች ከንፈሯ ላይ ደረደረቻቸው። ምን ልትሰካ ነው ብዬ ጨርቅ ፈለግኩ። አልጋው ላይ አየሁ፣ ጭኗ ላይ አየሁ። ጨርቅ አልነበረም።

ተነስቼ ሻይ ጣድኩ። ይዤላት ስመለስም እንደዚያው ነበረች።

አጎቴ፣ ስፒሉን ራሷ ለአንተ ስትል እንደነከሰችው ያወቀች ዕለት የእህቴ ልጅ ልቧ ይራራል ብለህ የጠበቅክ ከሆነ ተሳስተሃል። ድሮ የምጠላህ በአንድ ነገር ነበር፤ አሁን በሁለት ነው፣ በመስኮቷም በዝምታዋም። ከዕቅዴ ላይ አንድ ኮርስ አልቀነስኩም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሷ ግን ተወግታም «ልጁ ወገቡን ታመመ» ትላለች፤ ስለዚህ ማስታወሱ ለእኔ ወድቋል። እሷ እስክትሞት ዝም ትልልሃለች። እኔ ልጇ ነኝ እንጂ እሷን አይደለሁም።

አሁን የምፈልገውን ልንገርህ፣ ይህን መጻፌንም አታውቅም፣ ብታውቅ ታስቀረኝ ነበር። በሚመጣው ስብሰባ ላይ መኪኖቹን አስቁም። እንደ በሩ ቀለም እንዳይሆን፣ በደንብ ይቁሙ። መሃል ላይ ቁምና «እህቴ ወደ መስኮቷ ትመለስ፤ የሚቃወም አለ?» በል። ከዚያ ምንም አትናገር። የሚስትህ እህት ትቃወም ይሆናል፤ ትቃወም፣ እጅ ይቆጠር፣ እጅ መቁጠር ሕፃንም ያውቃል። ከእሷ ሌላ አፉን የሚከፍት እንደሌለ ካውያ ልመለስ ስል ምሎልኛል። የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። ሜትርህን ሳይሆን የሰውን ፊት እያየህ ዝም በል፤ ሕጉ እንደሁ የራስህ ነው።

ብታደርገውም ባታደርገውም ጥናቱ አይቀርም። ልዩነቱ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነው፣ እሱን እንድትጽፈው ለአንተ ትቼልሃለሁ።

ያን ያህል ጊዜ ዝም ማለት ይከብድህ ይሆናል ብዬ ደግሞ ከደብዳቤው ጋር አንድ እሽግ ስፒል ልኬልሃለሁ። አዲስ ነው፣ ሹል ነው። አያያዙን እንደሆነ እሷ አስተምራሃለች።

ፈጣሪ ወገብህን ያጽናልህ፣ ዓይንህን ያብራልህ፣ ዕድሜህን ያርዝምልህ። ከልቤ ነው የምመርቅህ፤ ስመረቅ አንተ ከፊት ወንበር ላይ ካልተቀመጥክ አራት ዓመት የደከምኩት ለማን ነው?

የእህትህ ልጅ